የሳላችሁልን ቢላ አይቆርጥም፦ ለቢላ አምራቹ ድርጅት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎትና የቢላ መሳያ ክፍል ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ቢላ ገዝታችሁ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቻችን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሐበሻ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች የምንሠራ ሥጋ ቆራጮችና የወጥ ቤት ሠራተኞች ነን። ከፊላችን ናይንዝ ስትሪት ነን፣ ከፊላችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቀረነው አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች። የእናንተን ቢላ ለዓመታት ስንሠራበት ቆይተናል። በስጦታ አላገኘነውም፤ ከደመወዛችን ገዝተን ነው።

ይህንን ቅሬታ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፈን ልከንላችሁ ነበር። የመጣልን መልስ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የምትል አጭር አንቀጽ ናት። ማን እንዳነበበው እንኳን አልታወቀም። ስለዚህ አሁን በይፋ፣ በራሳችን ቋንቋ ጻፍነው። ለእናንተ ከነትርጉሙ ይደርሳችኋል። ቢላችሁን የሚገዛው ወገናችንም አብሮ ያንብበው ብለናል። የድርጅታችሁን ስም ያልጠራነው ሆን ብለን ነው። ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ለማስተካከልም ጊዜ እንስጣችሁ።

ቢላውን ስንገዛ ካርቶኑ ላይ «ዕድሜ ልክ እንስልልዎታለን» የሚል ቃል አለ። ደንበኛው የሚከፍለው የመላኪያና የመመለሻውን ብቻ ነው። ይህ ቃል ባይኖር ብዙዎቻችን ግማሽ ዋጋ ያለው ቢላ እንገዛ ነበር። ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጣነው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለቃሉም ጭምር ነው።

በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ይቀዘቅዛል። 55 ቀን ሙሉ፣ ከጥቂት ደንበኛ በቀር፣ ቁርጥ የሚል የለም። ቢላ ለመላክ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ተነጋግረን ቢላዎቻችንን ሰበሰብን፣ ስለታቸውን በካርቶን ጠቀለልን፣ የሁዳዴ መጀመሪያ ላይ በፖስታ ላክንላችሁ። ሐሳባችን ለፋሲካ ስል ቢላ ይዘን ለመቆም ነበር። የቅዳም ሹርን ሰልፍ ያላየ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ ላይገባው ይችላል። የሁለት ወር ገደማ የሥጋ ናፍቆት በአንድ ቀን ነው በር ላይ የሚቆመው።

ቢላዎቹ የተመለሱት በሰሞነ ሕማማት ነው። ቅጻችሁ ግን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው የሚለው። ይህ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው፤ ሆኖም እንለፈው። የባሰው የመጣው ካርቶኑን ከከፈትን በኋላ ነው።

ሲታዩ ያምራሉ። ያብረቀርቃሉ። በወረቀት ሞከርናቸው፤ ወረቀቱን ያለ ምንም ድምፅ ለሁለት አሉት። ደስ አለን። ደስታው ግን ምሳ ሰዓት አልደረሰም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራው ወንድማችን ረጅሙን የቁርጥ ቢላ ይዞ ዳቢት ላይ ቆመ። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ቢላው መንሸራተት ጀመረ። ጮማው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ቀዩን ደግሞ ይጎትተዋል። እንደ ልማዱ በብረት ሞረዱ ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረገው። ብሶ ቁጭ! ስለቱ ጨርሶ ጠፋ።

ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቢላ ሲሳል ከአንዱ ጎን የተፋቀው ብረት ጫፉ ላይ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። ዓይን በቀላሉ የማያየው ቀጭን ክር ነው፤ በጣት ሲዳበስ ግን ይይዛል። አሳምሮ የሚስል ሰው ይህንን ክር ጎን እየቀያየረ፣ እጁን እያቀለለ፣ በመጨረሻም በደቃቅ ድንጋይ ወይም በቆዳ አሽቶ ያነሳዋል። እውነተኛው ስለት ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነው። የእናንተ ሠራተኛ ክሩን ሳያነሳ ቢላውን አሽጎ ላከው። ክሩ ቀጭን ስለሆነ ወረቀት ይቆርጣል። መክተፊያ ሲነካው ይታጠፋል፣ ሞረድ ሲነካው ይረግፋል። ከሥሩ ያለው ዱልዱም ነው። ይህንን ስንነግራችሁ «እያንዳንዱ ቢላ ከመላኩ በፊት የወረቀት ፈተና ያልፋል» አላችሁን። እኛ ወረቀት አንሸጥም።

ነገሩ ለሌላ ወጥ ቤት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሥጋው ሊጠበስ ወይም ሊቀቀል ከሆነ ጠርዙ ቢበጣጠስ ማን ያየዋል? የእኛ ሥራ ግን ጥሬ ሥጋ ነው። ቁርጥ የሚበላ ሰው ሥጋውን ያገላብጠዋል። የተቆረጠበትን ገጽ ያያል። በስል ቢላ የተቆረጠ ሥጋ ገጹ ልሙጥ ነው፣ ያበራል፣ ውሃውን ይዞ ይቆያል። በዱልዱም የተጎተተው ይበጣጠሳል፣ ሳህኑ ላይ ውሃ ይለቃል፣ መልኩም ይጠወልጋል። ደንበኛው «ይሄ የትናንት ነው» ይላል። ዛሬ ጠዋት የገባ ነው ብትለው አያምንህም። እውነቱን ነው፣ እሱ የሚያየው ሳህኑን ነው።

ክትፎ ላይ ደግሞ ጭራሽ መደበቂያ የለም። በማሽን የሚፈጭ ቤት አለ፤ አንፈርድበትም። በእጅ የሚከትፍ ቤት ግን ስሙ ያለው ቢላው ላይ ነው። ቀዩ ሥጋ ከጅማትና ከስብ ይለያል፤ ከዚያ ቢላው እየወጣ እየወረደ ያደቀዋል። ቢላው ስል ካልሆነ ሥጋው አይከተፍም፣ ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀ ሥጋ ላይ የፈለግከውን ንጥር ቅቤ አፍስስበት፣ ሚጥሚጣውንም ነስንስበት፣ አፍ ላይ ሊጥ ነው። ክትፎ የሚያውቅ ሰው ይህንን በመጀመሪያው ጉርሻ ይለየዋል። ጉራጌ አገር ላደገ ሰው ማቅረብማ አይሞከርም።

ዝልዝልም አለ። አንድ ሙዳ ሥጋ ሳይበጠስ ወዲህና ወዲያ እየተከፈተ ይረዝማል። ለዚህ ቢላው ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። የላካችሁልን ቢላ ስለት በቀኝ በኩል ሰፋ ብሎ፣ በግራ በኩል ጠቦ ነው የተፋቀው። ስለዚህ ወደ አንድ ጎን ይስባል። አሌክሳንድሪያ ያለው ባልደረባችን ዝልዝሉ መሃል ላይ እየተበጠሰበት ሲበሳጭ ዋለ። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት «በቃ፣ ተራ ጥብስ አድርገህ ሽጠው» አለው። ዋጋው ግን አንድ አይደለም።

ስለቱ የተሳለበትን ማዕዘንም አይተናል። ካርቶናችሁ በየጎኑ 15 ዲግሪ ይላል። አንዱ ባልደረባችን የስለቱን ጠርዝ በማርከር ቀብቶ በ15 ዲግሪ ደቃቅ ድንጋይ ላይ አስኬደው። ማርከሩ ከላይ ከትከሻው፣ ስለቱ ከቢላው ጎን ጋር ከሚገናኝበት ላይ ተፋቀ፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን እንዳለ ቀረ። ይህ ማለት ስለቱ ከ15 ዲግሪ በላይ ሰፍቶ ነው የተሳለው። ለእኛ ሥራ በጣም ሰፊ ነው። እናንተ በስልክ የነገራችሁን «ቴክኒሻኖቻችን የፋብሪካውን ማዕዘን ይከተላሉ» የሚል ነው። ማርከሩ ግን እንደዚያ አላለም።

ከሥጋ ወጣ እንበል። ናይንዝ ስትሪት ያለችው እህታችን የምትከትፈው ሽንኩርት በጆንያ ነው። ዶሮ ወጥ የሚያበስል ሰው ይህንን ያውቃል። የእሷ ቢላ ከእጀታው ሥር እስከ ስለቱ የሚወርድ ወፍራም የብረት አንገት አለው። የእናንተ ማሽን ስለቱን ፋቀ፣ አንገቱን ሳይነካ ተወው። አሁን ቢላውን ጠፍጣፋ መክተፊያ ላይ ስታስቀምጠው ከአንገቱ ቀጥሎ ብርሃን ያሳልፋል። እዚያ ጋ ስለቱ እንጨቱን አይደርስበትም። ጎመኑ ተቆርጦ አይለያይም፣ እንደተያያዘ ይቀራል፤ ሽንኩርቱም ያው ነው። በእጇ እየበጠሰች ትጨርሰዋለች። እንዲህ ዓይነት ቢላ ሲሳል አንገቱም አብሮ ዝቅ ማለት እንዳለበት የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢላውን ያን ቅርጽ የሰጣችሁት ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ!

ጠባቦቹ የአጥንት መለያ ቢላዎች ጫፋቸው ክብ ሆኖ መጥቷል። የሚሽከረከረው የመፋቂያ ቀበቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ እጅ ካልቆጠበው ሹሉን ይበላዋል። ዶሮን በ12 ብልት የሚያወጣ ሰው መገጣጠሚያውን የሚያገኘው በዚያ ሹል ነው። አሁን በማንኪያ እንደመፈለግ ሆኖበታል።

አንዱ ቢላ ደግሞ ጫፉ አካባቢ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቡናማ ቀለም ይዞ ተመለሰ። ብረት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ያዝናል። ቢላ የሚጠነክረው በእሳት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በመጠነኛ ሙቀት ተመልሶ ተሙቆ ነው። ከዚያ መጠን በላይ እንደገና ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። ጫፍ ቀጭን ስለሆነ ፈጣን ማሽን ላይ በሰከንዶች ይግላል። ካርቶኑ ላይ 58 ሮክዌል ብላችሁ የጻፋችሁት ጥንካሬ በዚያ ጫፍ ላይ አሁን ስንት እንደሆነ ለክታችሁ ንገሩን። እየፋቁ ውሃ መንከር ቢላ የሚስል ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው።

ጀርመን ውስጥ ሶሊንገን የሚባል የቢላ ከተማ አለ። እዚያ ያልተሠራ ቢላ የከተማዋን ስም እንዳይሸከም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል። እናንተ የዚያ ከተማ ሰዎች አይደላችሁም። ግን አንድ ከተማ ለስሙ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ ስማችሁ የታተመበትን ቢላ በዚህ ሁኔታ አሽጎ መላክ እንዴት እንዳላሳሰባችሁ ይገርመናል።

ፎልስ ቸርች ያለው ወንድማችን ሙስሊም ነው። ለዓረፋ ቨርጂኒያ ገጠር ወዳለ እርሻ ሄዶ በጉን የሚያርደው ራሱ ነው። በእስልምና የእርድ ቢላ ስል እንዲሆን የታዘዘ ነው፤ እንስሳው እንዳይሠቃይ። የእሱ ቢላ ስለቱ መሃል ላይ ትንሽ ሸራፋ ነበረው። ይህችን ሸራፋ አጥፉልኝ ብሎ በወረቀት ጽፎ አብሮ ላከ። ሸራፋው እንዳለ ተመለሰ። ዙሪያው ተወልውሏል፤ ወረቀቱም እንደታጠፈ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። በዚያ ቢላ አላረደም። ሌላ ገዛ፤ ከእናንተ አይደለም።

ሌላው ባልደረባችን ቢላው ከሰው ቢላ እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ በሚስማር «ተ» ብሎ ጽፎበት ነበር። የመጣለት ቢላ ላይ «ተ» የለም። ዓይነቱ ያው ነው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስለቱም ብዙ ተፍቆ አልቋል። የእሱን ማን እየከተፈበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ደውሎ ሲጠይቅ «በመዝገባችን መሠረት የላኩት ቁጥርና የተመለሰው ቁጥር እኩል ነው» ተባለ። ቁጥሩማ እኩል ነው።

የተጎዳ ሰውም አለ። ዱልዱም ቢላ ጫን ማለት ይፈልጋል፤ ጫን ያሉት ቢላ ሲያመልጥ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንድ ወጣት ባልደረባችን ጣቱ ተሰፍቷል። ሥራ ያልገባባቸውን ቀናት የከፈለው የለም።

ፋሲካን የተወጣነው ከሬስቶራንት ዕቃ መደብር ነጭ እጀታ ያላቸውን ርካሽ ቢላዎች ገዝተን ነው። ርካሽ ናቸው፤ ግን ቆረጡ።

እውነቱን ለመናገር ትንንሾቹ የአትክልት መላጫ ቢላዎች ደህና ሆነው መጥተዋል። ስለዚህ መሳል አያቅታችሁም። ትልልቆቹን የሚይዘው ሰው ሌላ ይሁን ወይስ ጥድፊያ ይሁን እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ የምንጠረጥረው ጥድፊያውን ነው። ቅጻችሁ የሚጠይቀው የቢላውን ብዛትና የካርድ ቁጥር ነው። ቢላው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደጎደለው የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሳይጠይቅ የሚስል ሰው ሁሉንም ቢላ በአንድ ልክ ቢፋቅ አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የዋስትና ወረቀታችሁ «በሌላ አካል የተሳለ ቢላ ዋስትናው ይቋረጣል» ይላል። እዚሁ አካባቢ በድንጋይ፣ በእጁ፣ ፊት ለፊታችን ቆሞ የሚስል ባለሙያ አለ። ምን እንደምንቆርጥበት ይጠይቀናል። ሲጨርስ በቲማቲም ይሞክረዋል። ቢላችንን ለእሱ ከሰጠን ዋስትናውን እናጣለን። ለእናንተ ከላክን ቢላውን እናጣለን። እናንተ በደንብ አትስሉም፤ ሌላው እንዳይስልም ትከለክላላችሁ። ይህ እንዴት ነው የሚሆነው?

«መልሳችሁ ላኩልን፣ በነጻ እንደገና እንስላለን» የሚለው መልሳችሁም ያላስደሰተን ለዚህ ነው። መሳል ብረት ይበላል። ቢላ ከጀርባው ወፍራም ነው፤ ወደ ስለቱ እየቀጠነ ይሄዳል። በተፋቀ ቁጥር ስለቱ ወደ ወፍራሙ ይወጣል፤ ጎኑ አብሮ ካልሳሳ ቢላው ቢሳልም ሥጋ ውስጥ አይገባም። ያለ አግባብ የተፋቀውን ብረት በነጻ መልሳችሁ ልትቀጥሉት አትችሉም። ዕድሜ ልክ የምትሉት አገልግሎት በዚህ አያያዝ የቢላውን ዕድሜ ነው የሚያሳጥረው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ባለቤቱ ራሱ በመረጠው ባለሙያ ቢላውን ቢያስል ዋስትናው እንዳይቋረጥ በጽሑፍ አረጋግጡልን። የእጀታ መሰንጠቅ ወይም የብረት እንከን ከመሳል ጋር ምን ያገናኘዋል? የእያንዳንዱን ቢላ ትክክለኛ የስለት ማዕዘንም አብራችሁ ስጡን፤ የሚስለው ሰው በግምት እንዳይሠራ።

ጫፋቸው የተበላውን፣ ቀለማቸው የተለወጠውንና ከአንገታቸው ሥር ክፍተት የተፈጠረባቸውን ቢላዎች በአዲስ ተኩልን። እነዚህ ተስለው አይድኑም። የቀሩትን ደግሞ ክራቸው ተነስቶ፣ ሁለቱም ጎናቸው እኩል ሆኖ፣ በዝግታ በሚዞርና ውሃ ባለው መሳያ እንደገና ሥሩልን። ለእነዚህ ቢላዎች የከፈልነው የመላኪያና የመመለሻ ገንዘብ ይመለስልን፤ ለሚቀጥለውም እናንተ ክፈሉ።

«ተ» የተጻፈበትን ቢላ ፈልጉልን። ባለቤቱ ሌላ አልፈልግም ብሏል፣ አዲስም ቢሆን።

ቅጻችሁ ላይ ቢላው ለምን ሥራ እንደሚውልና ምን እንዲስተካከል እንደሚፈለግ የሚጻፍበት ቦታ ጨምሩ። ሲመለስም ማን እንደሳለው፣ በስንት ዲግሪ እንደሳለው አብሮ ይጻፍ። ከወረቀቱ ፈተና በተጨማሪ በቲማቲም ልጣጭ ወይም በሥጋ ይሞከር፤ ከዚያም ሞረድ ላይ ተስቦ እንደገና ይሞከር። ጣቱ ስለተሰፋው ልጅ ለብቻው የጻፍነው ደብዳቤ አለ፤ እሱንም ከዚህ ጋር መልሱልን።

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል። በእናንተ አቆጣጠር ኦገስት 7 ማለት ነው። ያኔ ሥራችን ስለሚቀዘቅዝ ቢላዎቹን መልሰን መላክ የምንችለው በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ ነው። መልሳችሁ ከዚያ በፊት ይድረሰን። ኃላፊ የሆነ ሰው ስሙን ጽፎ፣ የሚደወልበትን ስልክ ጨምሮ ይላክልን። ካልደረሰን ቢላዎቹን እዚሁ እናስላለን፤ ይህንን ደብዳቤ ከቢላዎቹ ፎቶግራፍ ጋር፣ በዚያን ጊዜ ስማችሁን ጠርተን፣ ለክልሉ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮዎች እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሐበሻ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሠራተኞችን በመወከል
የሥጋ ቤት ዋና ቆራጭ፣ የደብዳቤው አዘጋጅ